ቤት ለቤት የኮምፒውተር ጥገና በባሕር ዳር፦ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 2018፣ ዝግጅት

ሱቅ የመከራየቱን ሐሳብ ትቼዋለሁ። ኪራዩ ውድ ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ሰው ሲፒዩውን በባጃጅ ጭኖ ሱቅ ያመጣል፤ እዚያ ሲሰካ ይሠራል። ቤት ሲመለስ እንደገና እምቢ ይላል። ችግሩ ያለው ሶኬቱ ላይ ወይም ዲቫይደሩ ላይ ወይም ማሽኑ የተቀመጠበት ጥግ ላይ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ማንም አያየውም። ስለዚህ እኔ ወደ ማሽኑ እሄዳለሁ።

ቦርሳው እየሞላ ነው። የትንንሽ ካቻቢቴ ስብስብ 850 ብር፣ መልቲሜትር 1,200፣ ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰር ሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት) 300። ሃርድ ዲስክን አውጥቶ በዩኤስቢ የሚያገናኘው ገመድ 600 ብር። ለስላሳ ቡርሽና ላጲስ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ። ፍላሽ ሁለት ነው፦ አንዱ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ፣ ሌላው ላይ ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሹ የሚነሳ ሊኑክስ ሚንት፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሥርዓት። ኪሴን የጎዳው ባለ 1 ቴራባይቱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው፤ 8,500 ብር። ያለ እሱ ግን ሥራው አይጀመርም። የደንበኛ ፋይል የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

አልኮል ስፈልግ ፋርማሲ ያለው ባለ 70 በመቶው ነው። ቀሪው ውሃ ስለሆነ ቦርድ ላይ ቶሎ አይደርቅም። 99 በመቶውን አንድ የሞባይል ጥገና ባለሙያ ከራሱ ቀንሶ በ250 ብር ሸጠልኝ።

ዋጋ፦ መጥቼ ለማየት 300 ብር፣ የባጃጅ ጨምሮ። ዓባይ ማዶ ከሆነ 400። ማስተማር በሰዓት 250። ዕቃ ከተገዛ ደረሰኙ ለደንበኛው ይሰጣል፣ ላዩ ላይ ምንም አልጨምርም።

አንድ ሕግ አውጥቻለሁ። ፋይል ሳይገለበጥ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ የለም። «ፎርማት ይደረግ» ለሁሉም ሕመም የሚታዘዝ አንድ ክኒን ሆኗል። ማሽኑ ዘገየ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ፕሪንተሩ አልታይ አለ፣ ፎርማት። ዊንዶውሱ በሃያ ደቂቃ ይመለሳል፤ የልጅ ክርስትና ፎቶ ግን አይመለስም። ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል። አንዲት ወረቀት አዘጋጅቼ ማንኛውንም ማሽን ከመክፈቴ በፊት እሞላለሁ፦ የማይጠፋው ፋይል ምንድን ነው? የት ነው የተቀመጠው? ሌላ ቦታ ቅጂ አለው? ባለቤቱ ያነብባታል፣ ይፈርምባታል።

መስከረም መጨረሻ፣ ሽምብጥ

ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ቤት። ዴስክቶፑ ሲበራ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳይበራ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ከግድግዳው ሥር ያለው ቀለም በእርጥበት ተልጧል።

ራሙን፣ የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ነቀልኩት። ወርቃማው ጠርዙ ደብዝዟል። በላጲስ ቀስ አድርጌ ጠረግኩት፣ ብናኙን በቡርሽ አወጣሁ፣ ማስገቢያውን በአልኮል አጸዳሁ። መልሼ ስሰካው ተነሳ። አዲስ ዕቃ የለም፣ 300 ብር ብቻ።

ጥገናው ግን እዚህ ላይ አላለቀም። ማሽኑን ከመሬት አንስተን አንድ አሮጌ የሻይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቅነው። ዳንቴል ነበር የለበሰው። ዳንቴሉ ያምራል፣ ግን የፋኑን መተንፈሻ ይዘጋል። የቤቱ እመቤት «ታዲያ አቧራው?» አሉኝ። ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ይልበስ፣ ሲበራ ይገለጥ ተባብለን ተስማማን። በክረምት በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ይብራ። የራሱ ሙቀት እርጥበቱን ያደርቀዋል።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ጡረታ የወጡ መምህር

ጋሼ ኢንተርኔት እምቢ ብሏቸዋል። የትኛውንም ገጽ ሲከፍቱ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አንድ ቦታ ወስደውት ዊንዶውሱ በ1,500 ብር ይቀየር ተብለዋል።

ከታች በስተቀኝ ያለውን ሰዓት አየሁ። ጃንዋሪ 2012 ይላል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ 2012 ላይ ነኝ ካለ ሰርተፍኬቱ ሁሉ ገና ያልወጣ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አይቀበለውም። ምክንያቱ ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ላይ ያለችው፣ ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታቆየው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። መልቲሜትሩ 1.9 አሳየ። አዲሷ 80 ብር።

ሰዓቱን ስናስተካክል ጋሼ የሰዓት ክልሉ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልገው አጡ። ዊንዶውስ ላይ የእኛ «ናይሮቢ» የሚለው ነው። ሁለታችንም የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነን። ባትሪውን ሁለተኛ ጊዜ ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው እንዲያስገቡ አደረግኳቸው። የጽሑፍ ፊቷ ወደ ላይ። ቀጥሎ ባትሪዋ ስታልቅ ማንንም መጥራት የለባቸውም።

ጥቅምት 4፣ የዊንዶውስ 10 ነገር

ዛሬ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አቆመ። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ «ኮምፒውተሬ ሊቆም ነው ወይ?» በሚል ጥያቄ ተጨናንቋል። አይቆምም። ይሠራል። ከእንግዲህ የሚገኝ ቀዳዳ ግን አይደፈንም፣ ችግሩ እሱ ነው። ለአንድ ዓመት የሚያቆይ ማራዘሚያ አለ፤ እስከ ጥቅምት 2019 መጀመሪያ ድረስ።

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። እኔ ቤት ለቤት የማየው ባብዛኛው 3ኛና 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ያለው ያገለገለ ማሽን ነው። በጉልበት መጫኛ መንገድ አለ፤ ነገ ማሻሻያ ቢከለከል ግን ደንበኛው ምን ያደርጋል? ስለዚህ ለሰው ማሽን አላደርገውም።

ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ብቻ ለሚጠቀሙ ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ አስነስቼ አሳያለሁ። ወደዱት ካሉ እጭናለሁ። አካውንቲንግ ሶፍትዌር ወይም ፓወር ግእዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ያላቸው ግን ዊንዶውስ ላይ ይቆያሉ፣ ማራዘሚያውን እናስመዘግባለን። «አዲስ ይግዙ» ማለት ይቀላል። ለአንድ ደመወዝተኛ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

ጥቅምት አጋማሽ፣ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት

ፍርድ ቤት አካባቢ ያለች ትንሽ ቤት። ማመልከቻ፣ ውል፣ የክስ ጽሑፍ ይተየብባታል። ባለቤቷ ሁለት ችግር አላቸው፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው።

አንደኛው ፍላሽ ነው። ደንበኛ ፍላሹን ይሰካል፣ ፋይሎቹ በሙሉ ሾርትካት (ባዶ አቋራጭ ምልክት) ይሆናሉ፣ ከዚያ «አንቺ ቤት ጠፋብኝ» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። አንዱን ፍላሽ ከፈትኩ። ባዶ ይመስላል። ግን ከ16 ጊጋባይቱ 11ዱ ተይዟል። ፋይሉ እዚያው አለ ማለት ነው፣ የተደበቀ ብቻ ነው። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት አትሪብ የሚባለውን ትእዛዝ ሰጥቼ መደበቂያውን አነሳሁት። የሰውየው የውል ቅጂዎች ተመለሱ። ሾርትካቶቹን አጠፋናቸው።

ፍላሹን ብቻ ማጽዳት ዋጋ የለውም። ማሽኑ ራሱ ታሟል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብራ የምትነሳ ትንሽ ስክሪፕት አገኘሁ። አንቲቫይረሱ ዊንዶውስ እንደተነሳ ሲፈትሽ አያገኛትም። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራውን ፍተሻ ሳስኬድ ያዛት። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ደንበኛ ሌላ ፍላሽ አመጣና ነገሩ ከዜሮ ተጀመረ። በየቀኑ ቫይረስ ማጽዳት መፍትሔ አይደለም።

የሞከርነው ይሄን ነው። ጓዳ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ፔንትየም ኮምፒውተር ነበር። አቧራውን አራግፌ፣ ራም ጨምሬ (ያገለገለ 4 ጊጋ፣ 1,100 ብር) ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት። ከዛሬ ጀምሮ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካው እሱ ላይ ብቻ ነው። ይቺ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈች ስለሆነች እዚያ አትነሳም። የሚፈለገው ፋይል ብቻ ተመርጦ በቤቱ ፍላሽ ወደ ዋናው ማሽን ይሻገራል። ፕሪንተሩን በቀጥታ ከሊኑክሱ ለማሠራት ሞክረን ድራይቨሩ (ፕሪንተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልገኝ አለ። ለጊዜው ማተሚያው ከዋናው ነው።

ሁለተኛው ችግር ልብ ይሰብራል። ክረምት ላይ ሌላ ባለሙያ ማሽኑን ፎርማት አድርጎታል። ፋይሎቹን ገልብጦ መልሷል፣ ለዚህ ይመስገን። ፎንቶቹን፣ የፊደሎቹን ቅርጽ የሚይዙትን ፋይሎች፣ ግን አልመለሰም። የብዙ ዓመት ጽሑፍ ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ድብልቅልቅ ብሎ ይወጣል። እሳቸው ሁሉም ተበላሽቷል ብለው ተስፋ ቆርጠዋል፤ የተወሰነውን አጥፍተውታል።

አልተበላሸም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ካለ «ሀ» ይታያል። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው የላቲን ፊደል ይወጣል። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ በእነዚያ ፎንቶች መጻፍ ለዓመታት ቀጥሏል። የድሮውን ፓወር ግእዝ ፈልጌ ከነፎንቶቹ ጫንኩ። አንድ የ2001 ዓ.ም. የቤት ሽያጭ ውል ከፈትን። መስመር በመስመር፣ ከነማኅተም ቦታው፣ አማርኛው ወጣ። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

ለወደፊቱ ግን ፎንት ላይ መንጠልጠል የለባቸውም። አስፈላጊዎቹን ሁሉ ወደ ፒዲኤፍ እያስቀመጥን ነው። ፒዲኤፉ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ የትም ማሽን ላይ እንዳለ ይታያል። እንከን አለው፤ ውስጡ ያለውን ቃል በአማርኛ መፈለግ አይቻልም፣ ማረምም አይቻልም። በብዛት የሚጠቀሙባቸውን የማመልከቻ ቅጾች በዩኒኮድ ደግመው እየተየቡ ነው። ጀማሪዋ ታይፒስት በዚያው ትለማመዳለች።

ኅዳር፣ ዓባይ ማዶ

ማታ ማታ ብቻ የሚጠፋ ዴስክቶፕ። ቀን ላይ ደኅና ነው። የቤቱ ልጅ ራም ነው ብሎ ራም ገዝቶ ቀይሯል፣ ለውጥ የለም።

ጠዋት ሶኬቱን ለካሁ፦ 221 ቮልት። ማታ 1 ሰዓት ላይ ተመልሼ ለካሁ፦ 171። ምጣድ የሚሰካበት ሰዓት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከአንድ መስመር ይስባል። ፓወር ሰፕላዩ ይሄን አይችለውም። ላፕቶፕ ቢሆን ችግር የለም፤ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፏል።

መጀመሪያ ዲቫይደሩን ቀየርን፣ 450 ብር። የድሮው ውስጡ ጠቁሮ ነበር፤ ከእሱ ላይ ፍሪጅም ቴሌቪዥንም ተሰክቷል። መጥፋቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ቀጥሎ ቮልቱን የሚያስተካክል ስታብላይዘር፣ 3,800 ብር። ማታ ቆምኩና አየሁት፤ መግቢያው 174 ሲሆን መውጫው 218 ነው። ማሽኑ ጸና። መደርደሪያ ላይ የተጣለ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) ነበራቸው፣ «ሞቷል» የተባለ። ዩፒኤሱ ደኅና ነው፤ የሞተው ውስጡ ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። እሱ 2,600 ብር። ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። አንድ ነገር አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ፦ ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰካም፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ነው።

እዚያው ግቢ ያሉ ተከራይ «ላፕቶፔ ይነዝረኛል» አሉኝ። ብረት ክዳኑን በጀርባ እጅ ስነካው እውነትም ንዝረት አለው። ባትሪ ላይ ሲሠራ ይጠፋል። ሶኬቱ ሦስተኛው ቀዳዳ አለው፣ ከጀርባው ግን የመሬት ሽቦ አልታሰረበትም። ይሄ የኮምፒውተር ጥገና አይደለም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው መሬት ያስቀብሩ ብያለሁ፣ እስከዚያው ቻርጅ እየተደረገ ባዶ እግር አይሠራበትም። ሒሳብ አልተቀበልኩም።

መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ሲመጣ ትንሽ ቆይቶ መሰካት። ይቺን በወረቀት ጽፌ ከየሶኬቱ በላይ እለጥፋለሁ። ማሽን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው።

ታኅሣሥ፣ የሚንቋቋው ሃርድ ዲስክ

ልጃቸው ፔዳ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የተመረቀች እናት። የምርቃቱ፣ የሠርጉ፣ የሟች ባለቤታቸው ፎቶ ሁሉ አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። ላፕቶፑ ይከፈትና መሐል ላይ ቀጥ ይላል፣ ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ወዲያው አጠፋሁት። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ላይ ፎርማት ማድረግ፣ ቫይረስ መፈተሽ፣ ዲስክ ማስጠገኛውን ማስኬድ ሁሉ ዕድሜውን ያሳጥራል። ዲስኩን አውጥቼ በዩኤስቢ ገመዱ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። መብራት ቢሄድ የእኔ ባትሪ ይዞ ያቆየዋል። የጤና መረጃው «ጥንቃቄ» ይላል፤ የተበላሸው ክፍል ብዙ ነው።

ፋይል በፋይል መገልበጥ ጀመርኩ። አንድ ፎልደር ላይ ሲደርስ ተቸክሎ ቀረ። አቆምኩት። ከሊኑክስ ዲዲሬስኪው የሚባለውን መሣሪያ አስነሳሁ። ይሄ መሣሪያ የታመመውን ቦታ ዘሎ መጀመሪያ ጤነኛውን ይሰበስባል፤ ወደ ታመመው የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። የት እንደደረሰ በፋይል ስለሚመዘግብ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ለሊቱን ሙሉ ሠራ። ጠዋት ላይ ሲዘገይ ዲስኩን አሳርፌ፣ አቀዝቅዤ እንደገና ቀጠልኩ።

ውጤት፦ የሠርጉና የባለቤታቸው ፎቶዎች ሙሉ በሙሉ ወጡ። ከምርቃቱ ቪዲዮ የተወሰነው መሐሉ ላይ ይቆራረጣል፤ እሱን ማዳን አልተቻለም። ይሄንን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። «አባትየው ወጥቷል?» ብለው ጠየቁ። ወጥቷል። «እንግዲያው ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ።»

በድሮው ዲስክ ፋንታ የገባው ባለ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) 4,600 ብር፣ የእኔ ሥራ 1,200። ያው አሮጌ ላፕቶፕ አሁን ቡና ሳይፈላ ተነስቶ ይጠብቃል። ፎቶው ሁለት ቦታ ይቀመጣል፦ ላፕቶፑ ላይና ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው ጋ በሚላክ ዲስክ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቅጂ ማስቀመጥ በቂ አይደለም። ሌባም እሳትም ሁለቱንም አብሮ ይወስዳቸዋል።

ጥር፣ ማስተማሩ

የማስተማር ጥሪ ከጥገናው እየበለጠ ነው። ጥሩ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። ትምህርቱን የሚያውቅ ልጅ ማውዝ ባለመልመዱ ጊዜ እንዲባክንበት አልፈልግም። ቀበሌ 16 አካባቢ ሁለት ጎረቤታሞች ልጆችን አብሬ ይዣለሁ። መጀመሪያ የትየባ ጨዋታ ሰጠኋቸው፤ ጣታቸው ፈጠነ፣ ማውዙ ላይ ግን ያው ናቸው። አሁን ራሴ ያዘጋጀኋቸውን የምርጫ ጥያቄዎች በብራውዘር ይሠራሉ። መምረጥ፣ መልስ መቀየር፣ ወደ ዘለሉት መመለስ፣ ሰዓቱን ማየት። ይሄኛው እየሠራ ነው።

የማስተምርበት ደንብ ማውዙን አለመንካት ነው። ተማሪው ቢዘገይም እጄን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። እኔ አንዴ ከነካሁ ያየው የእኔን ፍጥነት ነው።

ጋሼ መምህሩ ተመልሰው ደውለዋል። አማርኛ መጻፍ ይፈልጋሉ። ኪማን የሚባለውን ነፃ ኪቦርድ ጫንኩላቸው። «ኤስ»ን (s) ሲጫኑ «ስ» ይወጣል፣ «ኢ»ን (e) ሲያስከትሉ «ሰ» ይሆናል፣ በ«ኢ» ፋንታ «ኤ»ን (a) ቢያስከትሉ «ሳ»። ቤቱን በድምፅ ያውቁታልና ቶሎ ገባቸው። የሚያስቸግራቸው ጠበቅ ያሉት ናቸው፦ ጠ፣ ጨ፣ ጸ። የእነሱን ሰንጠረዥ በትልቁ አትሜ ስክሪኑ ጎን ለጠፍኩ።

ኢሜይላቸው ግን ሌላ ጣጣ አለው። ያወጣላቸው የሆነ ኮፒ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፤ ማረጋገጫው የእሱ ስልክ ቁጥር ነው። ጡረታቸውንም የልጆቻቸውንም ጉዳይ የሚጻጻፉበት ኢሜይል ቁልፉ የማያውቁት ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ይሄ ነገር በየቤቱ አለ። ደግነቱ ኮምፒውተራቸው ላይ ገና ክፍት ስለነበር የይለፍ ቃሉ ከብራውዘሩ ማስቀመጫ ተገኘ። በእሱ ገብተን ስልኩን በራሳቸው ቁጥር ተካነው፤ የይለፍ ቃሉንም ቀየርን። አዲሱን ራሳቸው መረጡ፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከዛሬ ጀምሮ መሙያ ወረቀቴ ላይ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፦ ኢሜይሉ በማን ስልክ ነው የተመዘገበው?

የሚቀጥለው ሳምንት፦ የዓባይ ማዶው ዩፒኤስ ባትሪ ይገዛል። ለኮፒ ቤቷ ፕሪንተር የሊኑክስ ድራይቨር አንድ ሌላ ነገር አግኝቻለሁ፣ ማክሰኞ ከሥራ ሰዓት በኋላ እንሞክረዋለን። ቴርማል ፔስት አልቋል።